ሰባት ሰዓት ያለው የፈረስ ቤት መኪና

እንድሪያስ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ፍኖተ ሰላም የገባው ከማርያማዊት ጋር የሠሩት ሥራ በሚመረቅበት ዋዜማ ነበር። ትንሿ ቪትዝ መኪናው አቧራ ከመልበሷ የተነሳ ቀለሟ አይለይም። ማርያማዊት ከኮምፒውተር ሱቋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ስምንት ዓመት በስልክ ብቻ ሲነጋገሩ ስለኖሩ መጀመሪያ ምን እንደሚባባሉ ጠፋቸው።

"ወፈርህ" አለችው።

"አንቺ ግን እንዳለሽ ነሽ።"

"ውሸትህ ግን አልወፈረም፤ ያው ነው" አለችና ሳቀች። ከዚያ በኋላ ቀለለ።

የተዋወቁት እዚሁ ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ ነው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ከነበሩት መሣሪያዎች የሚሠራው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ መምህሩ ትጋታቸውን አይቶ ቁልፉን ለሁለቱ ሰጥቷቸው ነበር። ከፎቶ ኮፒ መጽሐፍ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል። ነጠላ ሰረዝ የተሳተች እንደሆነ አንባቢው "ቁም!" ይላል። እንዲህ እያሉ ሁለቱም ፕሮግራም መጻፍ ቻሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አብረው ገቡ፤ ተመልሰውም ይህችን ሱቅ አብረው ከፈቱ። ቀን ማመልከቻ ይተይባሉ፣ ጉርድ ፎቶ ያትማሉ፤ ሲያመሽ ደግሞ የልባቸውን ይሠራሉ። በኋላ እንድሪያስ አዲስ አበባ ሥራ አገኘና ሄደ። "ነይ አብረን እንሂድ" ብሏት ነበር። ማርያማዊት "እኔ እዚሁ ነኝ" አለችው። አልተጣሉም። ግን ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም።

አሁን ያገናኛቸው የከተማው የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በመናኸሪያው ግቢ ትልቅ ስክሪን ሊሰቅል፣ የየመኪናውን መነሻ ሰዓት ለተጓዥ ሊያሳይ ፈለገ። ሥራውን ማርያማዊት ተቀበለችና ግማሹን ለእንድሪያስ አካፈለችው። ተራ አስከባሪው የሚያስገባውን ተቀብሎ የሚይዘውን፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራውን ፕሮግራም እሷ ጻፈች። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የድረ ገጽ ዓይነት ገጽ እሱ ጻፈ። ከፕሮግራሙ ወደ ገጹ የሚያልፈው ነገር ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ቁጥር ነው፣ አንዱ ጽሑፍ፣ አንዱ ሰዓት፣ አንዱም ገና ያልተሞላ ባዶ። ስለዚህ ማርያማዊት ሁሉንም ዓይነት መያዝ የሚችል፣ የሙያው ሰዎች ቫሪያንት የሚሉትን ማስተላለፊያ ተጠቀመች። ከላዩ ላይ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር ምልክት አለው። የሚቀበለው ወገን ምልክቱን አይቶ መክፈት አለበት። ይህን ሁሉ በቴሌግራም ተላላኩት፤ ሁለቱም ሥራ በዝቶባቸው ስለነበር ብዙም አልተጠያየቁም።

በማግሥቱ ጧት ስክሪኑ በራ። ሰው ተሰብስቦ አየ፣ አጨበጨበ። የማኅበሩ ሰዎች፣ አዲሱ ነገር እንዲለመድ ብለው፣ መዳረሻ እየጮሁ ተጓዥ የሚጠሩት ተጣሪዎች ለአንድ ቀን ዝም እንዲሉ አዘዙ። ስለዚህ በዚያ ጧት በመናኸሪያው "ቡሬ! ቡሬ!" የሚል ድምፅ አልተሰማም። ለእንድሪያስ ይህ ዝምታ እንግዳ ሆነበት። ልጅ ሆኖ ከተወለደባት ከቡሬ ሲመላለስ፣ መኪና ውስጥ ተኝቶ በዚያ ጩኸት ነበር የሚነቃው።

ሁለት ሰዓት አልፎ የቡሬው መኪና ሲወጣ፣ ማርያማዊት ከግንቡ ሥር የተቀመጡ አንዲት ሴት አየች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። እግራቸው ሥር በጨርቅ የታሰረ ዕቃ አለ።

"እናቴ፣ ወዴት ነዎት?" አለቻቸው።

"ፈረስ ቤት ነኝ ልጄ።"

"የፈረስ ቤቱ መኪናማ አንድ ሰዓት ላይ ወጣ!"

ሴትዮዋ ቀና ብለው ወደ ስክሪኑ በእጃቸው አመለከቱ። "ኧረ መስኮቱ ሰባት ይላል! ቁጥር እለያለሁ እኮ። መሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምሬያለሁ።"

ማርያማዊት ዞር ብላ አየች። እውነትም "ፈረስ ቤት፣ 7 ሰዓት" ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሰዓቱ ገና ያልተቆረጠለት የገበዘ ማርያም መኪና ስድስት ሰዓት ተብሏል። የቀሩት ሁሉ ልክ ናቸው። ሮጣ ወደ ተራ አስከባሪው ወደ ዘሩ ሄደች፤ እንድሪያስም ተከተላት።

"ዘሩ፣ የፈረስ ቤቱን ሰዓት እንዴት ነው ያስገባኸው?"

"ያች ከዝርዝሩ የምትመረጠዋ ሰዓት ዘገየችብኝና በእጄ ጻፍሁት። አንድ ሰዓት ብየ። አጠፋሁ እንዴ?"

"አላጠፋህም" አለች ማርያማዊት። ቀስ ብላ ወደ እንድሪያስ ዞረች። "በእጁ ሲጽፍ እኮ የምልክልህ ጽሑፍ ነው። በእኛው አቆጣጠር የተጻፈ አንድ።"

እንድሪያስ ግንባሩን ያዘ። "እኔ ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር የሚመጣ ሰዓት አድርጌ ነው የወሰድሁት። ከሁሉም ላይ ስድስት እቀንሳለሁ። ከአንድ ላይ ስድስት ስቀንስ…"

"ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲዞር ሰባት። ባዶውንም እንደ ዜሮ ቆጥረህ ስድስት አደረግኸው። ምልክቱን አላየህማ።"

"አንቺም ጽሑፍ ሊመጣ ይችላል አላልሽኝም።"

"አልጠየቅኸኝም።"

ድሮ ቢሆን ይህችን ስሕተት "ቁም!" የሚል አንድ ድምፅ ያስቀራት ነበር፤ ሁለቱም ያንኑ እያሰቡ እንደሆነ በፊታቸው ያስታውቃል።

ሴትዮዋ እማዋይሽ ይባላሉ። ትውልዳቸው ፈረስ ቤት ነው፤ ለሽንዲ ሰው ተድረው እዚያው ኖረዋል። ትናንት ከሽንዲ መጥተው ከተማው ያደሩት ለወለተ ጊዮርጊስ ተዝካር ለመሄድ ነበር። ወለተ ጊዮርጊስ የልጅነት ጓደኛቸው ናት፤ አብረው ውኃ ቀድተው፣ አብረው ፈትል የተማሩ። በሞተችበት ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሱም።

"ለቀብሯ ቀረሁ፤ እንግዲህ ተዝካሯም ሊያልፈኝ ነው" አሉ። አላለቀሱም፤ ዕቃቸውን ብቻ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። "ምን ይደረግ፣ የእኔና የእሷ ነገር እንዲህ ሆነ።"

ለዚያ ቀን ወደዚያ የሚሄድ ሌላ መኪና የለም። እንድሪያስ የቪትዙን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

"ይነሱ እናቴ። እኔ አደርስዎታለሁ።"

"በዚች ቅሪላ?" አሉ እማዋይሽ፣ መኪናዋን አይተው። ዘሩ ሳቁን ዋጠ። ማርያማዊት ስክሪኑን አጠፋችና ለዘሩ "ተጣሪዎቹን ጥራቸው፤ እስክንመለስ እንደ ወትሮው ይጩሁ" ብላ ከኋላ ገባች።

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር መኪናዋ ሆዷን ድንጋይ እየመታው ሽቅብ ተጎተተች። ስንዴውና ገብሱ በግራ በቀኝ ነው፤ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። እማዋይሽ ከፊት ተቀምጠው መንገዱን እየነገሩ፣ የድሮውን ዘመን እያነሱ ሄዱ። በዚያኛው ወንዝ ከወለተ ጊዮርጊስ ጋር ልብስ አጥበዋል። በዚያኛው ዋርካ ሥር ለጥምቀት ዘፍነዋል። ሁለቱን አንድ ዓይነት ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው ያየ ሁሉ "እነዚህ መንቶች የማን ናቸው?" ይል ነበር።

"ከተዳራችሁ በኋላስ ትገናኙ ነበር?" አለች ማርያማዊት።

"መጀመሪያ በዓመት በዓመቱ። ኋላ ልጅ ሲመጣ፣ ከብት ሲመጣ፣ እርጅና ሲመጣ… ሰላምታ መላላክ ብቻ ሆነ። ሰው ሲሄድ 'እንዴት ናት በሉልኝ' እላለሁ። 'ደኅና ናት' ይሉኛል። ደኅና ናት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠይቅም ነበር።"

እንድሪያስ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ። ማርያማዊት በመስኮት ወደ ውጭ ትመለከት ነበር።

ፈረስ ቤት ሲደርሱ ፍትሐቱ አልቆ ካህናቱና ሕዝቡ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። እማዋይሽ ከመኪና ወርደው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ደጁ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ለቀቁት፤ የዚያን ያህል ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። በዳሱ ያለው ሁሉ ወደ ደጁ ዞረ።

"አንድ ናቸው ተብለን እኔና አንች ኖረን፣
ሰባት ነው የሚል መስኮት ዛሬ ሊያስቀረን!"

ሴቶቹ ተቀብለው አለቀሱ። የሟቿ ልጆች ወጥተው አቀፏቸው። የግጥሙን ሰም፣ የስክሪኑን አንድና ሰባት፣ የሚያውቁት ግን ከእማዋይሽ በቀር ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማርያማዊት መጀመሪያ በነጠላዋ አፏን ከድና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ሳታስበው እንባ ሆነ። እንድሪያስ አጠገቧ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። አንድ ሽማግሌ ቄስ እጃቸውን ዘርግተው "ግቡ ልጆቼ፣ የቤቱ ሰዎች ናችሁ" አሏቸው። ማን እንደሆኑ የጠየቃቸው የለም። ከዳሱ ገብተው ተቀመጡ፤ ጠላው መጣ፣ የተዝካሩ ዳቦ፣ ጻድቁ፣ ተቆረሰ። እማዋይሽ በሟቿ ሴት ልጅ ጎን ተቀምጠው እጇን ይዘው፣ እናቷ በልጅነቷ ምን ትመስል እንደነበር ያወሩላታል። ልጅቱ አፏን ከፍታ ትሰማለች።

ሲሰናበቱ እማዋይሽ እስከ መኪናው ሸኟቸው። እሳቸው እዚያው ሊሰነብቱ ነው።

"እንደዚያ በማለቴ ተቀየማችሁ?" አሉ።

"ኧረ ደስ አለን" አለ እንድሪያስ። "ጥፋቱም የእኛ ነው።"

"ጥፋትስ ነበረ። ግን በዚያ መኪና ብመጣ ኖሮ እናንተን አላገኝም ነበር። በሉ ይቅናችሁ። አብራችሁ ናችሁ መሰለኝ?"

ማርያማዊት "በሥራ ነን እናቴ" አለች።

"በሥራም ቢሆን መልካም ነው" ብለው መረቋቸው።

ወደ ታች ሲወርዱ ፀሐይዋ ከፊታቸው ነበረች። እንድሪያስ "አዲስ አበባ እኮ አብሮ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። የሚጠይቀኝ ግን የለም" አላት።

"አንተስ ትጠይቃለህ?"

"እኔም አልጠይቅም።"

ሱቁን ከፍተው ከአንዱ ወንበር ጎን አንድ በርጩማ ጨምረው ተቀመጡ። ድሮ የሚበቃቸው ጠረጴዛ አሁን ጠበባቸው። እንድሪያስ መነጽሩን መኪና ውስጥ ረስቶት ፊደሉ ደበዘዘበት፤ ሄዶ አመጣው። ገጹ እያንዳንዱን ነገር ሲቀበል መጀመሪያ ምልክቱን እንዲያይ አደረጉት፤ ሰዓት ከሆነ ስድስት ይቀንስ፣ በእጅ የተጻፈ ከሆነ እንዳለ ይተወው፣ ባዶ ከሆነ "ገና አልተቆረጠም" ይበል። ሥራው ረጅም አልነበረም። ከጨረሱ በኋላ ግን ሁለቱም ለመነሳት አልቸኮሉም፤ የሱቁ በር ክፍት ሆኖ፣ የማን ሠርግ የት እንደነበረ፣ የትኛው መምህር የት እንደገባ ሲያወሩ መሸ።

በማግሥቱ ስክሪኑ ልክ አሳየ። ሆኖም ተጓዡ ተጣሪዎቹን መልሱልን አለ፤ ማኅበሩም ሁለቱንም አብሮ ማስኬዱን መረጠ። ዘሩ ከሁሉም በላይ ተደሰተ።

እንድሪያስ እህቱን ሰብሊን ለማየት ቡሬ ሄዶ ሁለት ቀን ሰነበተ። የተወለደበት ቤት ፈርሶ በቦታው ፎቅ ተጀምሯል። አጥሩ ሥር የነበረው ኮክ ብቻ አልተነካም፤ አናጢዎቹ ልብሳቸውን ሰቅለውበታል። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ከዚያ ለማርያማዊት ደወለ፤ ስለ ሥራ አልነበረም።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ በፍኖተ ሰላም ሲያልፍ፣ ማርያማዊት ከአስፋልቱ ዳር ቆማ ጠበቀችው። ለመንገድ ብላ ቆሎ በፌስታል ቋጥራለታለች።

"በየወሩ እመጣለሁ" አላት።

"አትዋሽ።"

"እሺ፣ ለፋሲካ።"

"እሱን አምንሃለሁ" አለችው።

መኪናዋ ወደ ጅጋ አቅጣጫ ስትጠመዘዝ ማርያማዊት እጇን ከፍ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ዕቃ በሚጭነው የሽንዲው መኪና ጎን አልፋ መንገዱን ተሻግራ ወደ ሥራዋ ገባች።