«ሞተ» ላለማለት

በእንግሊዝ አገር፣ በሃል ወደብ ጋዜጣ ቤት የሐዘን ማስታወቂያ የምትቀበለው ዶሪን «ሞተ» የሚለውን ቃል ጽፋ አታውቅም። አለቆቿ አይወዱትም፤ አንባቢውም አይወደውም። ደግሞስ እንግሊዝኛው ለዚህ ስንት የለሰለሰ ቃል እያለው!

ሰኞ ጠዋት ኖራ መጣች። ባሏ ክላይቭ የተሳፈረባት የዓሣ መርከብ ከአይስላንድ ባሕር ሳትመለስ ቀርታለች፤ ፍለጋውም ቆሟል።

«‹በሰላም አንቀላፋ› ልበል፣ እትዬ ኖራ?»

«በዚያ ማዕበል ማን ይተኛል? እስቲ አንቺ ሞክሪው!»

«‹ከድካሙ አረፈ›ስ?»

«ክላይቭ? እሱ ማረፍ የሚያውቀው መጠጥ ቤት ነው።»

«እንግዲያው ‹ባሕር ላይ ጠፋ› እንበል።»

«የጠፋ ሰው ይፈለጋል። እነሱ ትተውታል። እኔ ዕድሜ ልኬን በር በሩን ሳይ ልኑር?»

የዶሪን ትዕግሥት አለቀ። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?»

«ሚስቱ ገደለችው በይ።» የኖራ ድምፅ ወረደ። «መርከቧ በወጣችበት ዕለት ሸሚዙን አጠብኩት። ፀሐይ ስትወጣ ጊዜ አላስቻለኝም።»

በዚያ ሰፈር ባሏ ባሕር በወጣበት ቀን ልብስ የምታጥብ ሴት የለችም፤ ማዕበል ሰውየውን አጥቦ ይወስደዋል ይባላል።

ዶሪን «ኧረ ይሄማ የአሮጊቶች ወሬ ነው» ልትላት አፏን ከፈተች። የእሷም ባል ባሕር የወጣው ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ የቆሸሸ ልብሱ ሳይነካ ቤት ተከምሯል።

አፏን መልሳ ዘጋችው። ኖራም አየቻት።