ቆሞ የሚጠብቅ በረኛ

የእህቴ ልጅ በረኛ ነው። በረኛ ማለት እንግዲህ፣ ልጆቼ፣ አሥር ሰው ላጠፋው ጥፋት ብቻውን የሚሰደብ ሰው ነው።

ይህ ልጅ ታዲያ ዝቅ ባለ ቁጥር ብሽሽቱን አንዳች ነገር ቆንጠጥ ያደርገው ጀመር። ካልሲ ማጥለቅ እንኳ ጣር ሆነበት።

አሰልጣኙ ከኳስ ይልቅ ሕክምና የሚቀናው ሰው ነው። «ደርቀህ ነው፣ እናላላሃለን!» ብሎ አጋደመውና ሁለት ተከላካዮች ጉልበቱን ወደ ደረቱ እንዲገፉ አዘዘ። ልጁ ጮኸ።

«ሰማችሁ? እየላላ ነው!»

በማግስቱ ከመኪና ሲወርድ እግሩን በሁለት እጁ ነበር የሚያነሣው።

ከእናቱ ጋር ይዘነው ሐኪም ቤት ሄድን፤ ራጅ ተነሣ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አሳየችን፤ የጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ ትንሽ ጉብታ አለች፤ እግሩን በጣም ሲያጥፍ ከዳሌው ጉድጓድ ጠርዝ ጋር ትጋጫለች።

«ታዲያ ይቀደዳ!» አለች እህቴ።

«ቢላዋው አይሸሽም፣ እናቴ። አስቀድመን የመቀመጫውንና የሆዱን ጡንቻ እናጠንክር። በጣም ዝቅ ማለት ይቅር፣ የሚቀመጥበት ወንበርም ከፍ ይበል። ሦስት ወር እንየው።»

«መግፋቱስ?» አልኳት።

«በር ከመቃኑ ጋር ሲጋጭ በትከሻ ቢገፉት ይስተካከላል፣ አባቴ? ማጠፊያው ነው የሚነቀለው።»

ለእህቴ አልተዋጠላትም። «ጎረቤት ልጅሽ በምን ታከመ ቢለኝ ምን ልበል?» አለችኝ መንገድ ላይ።

«በወንበር በይዋ!»

ተቆጣችኝ፤ እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ያልተሰፋ በሽታ ክብር የለውም። የሐሞት ጠጠሩን ያስወጣው አጎታችን ይኸው እስከ ዛሬ ሸሚዙን ገልጦ ነው ሰላምታ የሚሰጠው።

ልጁ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ባለሙያዋ የሰጠችውን የሚለጠጥ የጎማ ማሰሪያ ጉልበቱ ላይ አስሮ በጎን በጎን ይራመዳል፤ በጀርባው ተኝቶ መቀመጫውን ያነሣል። ጓደኞቹ «ሸርጣን» አሉት። ሕመሙ ግን እየቀነሰ መጣ። ባለሙያዋም ከቀድሞው ከፍ ብሎ ቆሞ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ መጠበቅን አለማመደችው።

አሰልጣኙ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። «ቆመህ የምትጠብቀው አውቶቡስ ነው እንዴ? በግማሽ ፍጻሜው ዝቅ ካላልክ ማልያውን ለተጠባባቂው አውልቅ!»

ያን ሳምንት ልጁ እንቅልፍ አጣ። ዝቅ ቢል ዳሌው፣ ባይል ቦታው።

የግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል የተጋጣሚው አጥቂ ብቻውን ሰብሮ ገባ። አሰልጣኙ ከመስመሩ ዳር ሆኖ «ዝቅ በል! ዝቅ!» እያለ አንባረቀ፤ እህቴም ልጇ ቦታውን እንዳያጣ ፈርታ ከጎኔ «ዝቅ በል ልጄ!» አለች። ልጁ ንቅንቅ አላለም፤ እንደተማረው ቆመ። ኳሷ ወደ ላይኛው ማዕዘን ስትከንፍ ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ ገፋት። ቡድናቸው ለፍጻሜ አለፈ!

አሰልጣኙ ለጋዜጠኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይህ አቋም ለወራት የደከምኩበት የራሴ ፈጠራ ነው።»

ሰኞ ልምምድ ላይ በረኞች ሁሉ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ታዘዙ። ዳሌው እንደ ዘይት የሚንሸራተተው ተጠባባቂም እንደ ምሰሶ ተገተረ፤ ኳስ በእግሮቹ መሃል እየሾለከች መረብ ትነካለች።

«ኧረ እኔን ምንም አላመመኝም!» ይላል ምስኪኑ።

«ዝም ብለህ ቁም!» ይላል አሰልጣኙ።

አሰልጣኙ ፊቱን ሲያዞር የእህቴ ልጅ ጠጋ ብሎ የተጠባባቂውን ትከሻ ያዘ።

«ወንድሜ፣ አንተ ዝቅ በል። ጤነኛ ነህ።»