ግማሽ ዙር

ለመካኒክ ከቶዮታ የከፋ ጠላት የለም። መኪናው አይበላሽም፤ የማይበላሽ መኪና ጋራዥ አይመጣም፤ መኪናው ካልመጣ ደግሞ ባለቤቱም አይመጣም። ይህን የሚለው፣ ሰው ሁሉ «ጆሮ» እያለ የሚጠራው መካኒክ ነው። ስሙ በመልኩ የወጣለት እንዳይመስላችሁ፤ ጆሮው እንደማንኛችንም ጆሮ ነው። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ «ሦስተኛው ካንዴላ ደክሟል» ይላል። ተፈትቶ ሲታይ እውነትም ደክሞ ይገኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ የኮሮላ ባለቤቶች ጋራዡ ውስጥ ባሉት ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ይሰበሰባሉ። ዘይት ለመቀየር ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ወሬው ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ልብስ ሰፊዋ «ሁለት ባል ቀይሬ መኪናዬን አልቀየርኩም» ትላለች፣ ሦስተኛው ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ እየሰማ። ፎቶ አንሺው የኮሮላን መልክ አይወድም፤ ያለቀ ሳሙና ትመስላለች ባይ ነው። ወንበሯ ይቆረቁራል፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች፣ በሯ ሲዘጋ የቆርቆሮ ድምፅ ይሰጣል እያለ ነውሯን ሁሉ ይዘረዝርና «ግን ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ስለት አልሳልም» ብሎ ያበቃል። ጆሮ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ስለ ቶዮታ ጥንካሬ በተነሳ ቁጥር ጎንበስ ይልና የማይፈልገውን ቁልፍ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ይፈልጋል። የሆዱን በሆዱ ይዞ የሚኖር ሰው ነው።

የሆዱ ነገር ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ያኔ ጆሮ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር፤ ጋራዡም የአጎቱ ነበር። ከደንበኞቹ አንዱ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ሌላው ሰው መኪና ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቅማል፤ እሳቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ንባብም አጠራቀሙ። ነጯን ኮሮላ ከገዙ በኋላ ታሪኳን ለሚሰማም ለማይሰማም ይተርኩ ጀመር፦ ኩባንያው መኪና ከመሥራቱ በፊት የሽመና መሣሪያ ይሠራ እንደነበር፣ አባትየው የፈለሰፈው መሸመኛ አንዲት ክር ስትበጠስ በራሱ ይቆም እንደነበር፣ ልጅየው ደግሞ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ መኪና መሥራት እንደጀመረ። «ስህተቱን ደብቆ አይሸምንም፤ ቁም ነገሩ እሱ ነው» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። አጎትየው ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይሰማቸዋል፤ ምን ያድርግ፣ ደንበኛ ናቸው።

መምህሩ ሲመጡ ልጃቸውም አብራ ትመጣለች። ሃያ ዓመቷ ነበር፣ የላቦራቶሪ ትምህርት ትማራለች፤ ከኋላ ወንበር ላይ ደብተሯን ዘርግታ ታጠናለች። አንድ ቀን ከመኪናው ወርዳ ሞተሩ ምን እንደሚነግረው ጠየቀችው። ጆሮ ካቻቢቴውን ሰጣት። እሷም እንደ እሱ ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጥ ቆየችና «ሰው ከሩቅ የሚያወራ ይመስላል» አለች። በዚያች ደቂቃ ጆሮ አለቀለት። እጇን የነካውን ቅባት በጨርቅ ጠረገላት።

ችግሩ መኪናዋ ጤነኛ መሆኗ ነው። በሦስት ወር አንዴ ለዘይት ትመጣለች፣ በቃ። ሌላ ጎረምሳ ቢሆን ደብዳቤ ይጽፋል፣ ጓደኛ ይልካል፣ መንገድ ላይ ጠብቆ ያልሆነ ነገር ይቀባጥራል። ጆሮ የሚችለው ቋንቋ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ብሎን ነው። የራዲያተሩን ቱቦ የሚያጠብቀውን ቀለበት ግማሽ ዙር አላላው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መኪናዋ ውሃ እያንጠባጠበች መጣች፤ ልጅቱም ከኋላ ተቀምጣለች። ከዚያ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ብሎን ግማሽ ዙር ላላ። ከዚያ ካርቡሬተሩ። ፍሬንና መሪ ነክቶ አያውቅም፤ ያን ያህል እንኳ አላበደም።

የሚጎዳ ሰው መኖሩን አላሰበበትም። መምህሩ በመጀመሪያ መንገዱን ወቀሱ፤ ቀጥሎ ቤንዚኑን፤ በመጨረሻ የራሳቸውን አነዳድ። ሰፈሩም አፍ አገኘ። ጎረቤታቸው፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ መኪናዋ ቆማ ባያት ቁጥር «መምህር፣ ዛሬም ክር ተበጠሰ?» እያለ ይጠይቃቸው ጀመር። አንድ ቀን ጋራዡ በር ላይ እንዲህ ሲላቸው ጆሮ ሰማ። መምህሩ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም። ጆሮ ያን ቀን አፈረ። መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ፈትሾ እያንዳንዱን ብሎን አጠበቀ፤ ዳግመኛ ላይነካካም ለራሱ ማለ።

ከሁለት ወር በኋላ መምህሩ ብቻቸውን፣ በእግራቸው መጡ። መኪናዋን መሸጣቸውን ነገሩት። «ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ ያነበብኩት ሁሉ ይዋሸኛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም» አሉ። ከዚያ ስላገለገላቸው አመሰገኑት። እስከ ዛሬ አንጀቱን የሚያቃጥለው ያ ምስጋና ነው። ልጅቱ ትምህርቷን ጨርሳ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘች፤ እሱም ከዚያ በኋላ አላያትም።

ጆሮ ሚስት አላገባም። ሰዎች ከመኪና ጋር ተጋብቷል እያሉ ይቀልዱበታል፤ ከእውነቱም ብዙ አልራቁም። በአምስተኛው ዓመት ነጯን ኮሮላ ከአንድ አትክልት ነጋዴ ዘንድ አፈላልጎ ገዛት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷታል። አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ አልቆመችበትም። ብትቆምበት ኖሮ ትንሽ ይቀለው ነበር።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጅቱ ራሷ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል፣ የላቦራቶሪ ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ ክንዷ ላይ ይዛለች። አላወቃትም ብል ውሸት ነው፤ ገና ከርምጃዋ አወቃት። ትዳሯ እንዳልቆየላት፣ አባቷን ለማስታመም ሥራዋን አዛውራ ከመጣች ሁለት ወር እንደሆናት ነገረችው። አባቷ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ልባቸው ደክሟል። የሚያነሱት ያቺን መኪና ብቻ ነው። ምን በድያት ነው እያሉ ይጠይቋታል፤ ገና ስገዛት ነው የተሳሳትኩት ወይስ ስነዳት? የገዛትን ሰው ጆሮ የሚያውቅ እንደሆነ፣ አባቷ አንዴ እንኳ እንዲቀመጡባት ሰውየውን ልትለምነው ነው የመጣችው።

ጆሮ ወደ ጓሮ ወሰዳትና ሸራውን ገፈፈ። ልጅቱ እጇን ኮፈኑ ላይ አሳርፋ ቆየች።

«እንዴት አንተ ጋ ደረሰች?»

«ገዛኋት።»

«መበላሸቷን እያወቅህ?»

ጆሮ ሸራውን ማጣጠፍ ጀመረ። እሷም አላስጨነቀችውም፤ እሑድ ጠዋት ቤት ድረስ እንዲያመጣላቸው ብቻ ለመነችው። ስትወጣ ዞር ብላ «ከእንግዲህ ቅርብ ነኝ፤ ብቅ እያልኩ አይሃለሁ» አለችው። ይህን ቃል ለመስማት ሃያ ሰባት ዓመት ጠብቋል።

እንግዲህ ጭንቁን ተመልከቱለት። ዝም ቢል፣ ብቅ ትላለች፤ ሻይ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ያውቃል? ቢናገር፣ ሽማግሌው ያመኑበትን ነገር መልሰው ያገኛሉ፤ እሱ ግን አባቷን የሰፈር መሳቂያ ያደረገ ሰው ሆኖ ይቀራል፣ እሷም ያንን ደጅ ዳግም አትረግጥም። አራት ቀን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። ቅዳሜ የኮሮላ ሰዎች ተሰብስበው ሲያወሩ አንድም ቃል አልሰማም። በመጨረሻ ዝም ሊል ቆረጠ። ሽማግሌው ቢቀመጡባት ይበቃቸዋል አለ ለራሱ።

እሑድ ረፋድ ላይ መምህሩ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ከፊት አስቀመጣቸው፤ ልጅቱ ከኋላ ገባች። ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ባንዴ ተነሳች። መምህሩ ሁለት መንገድ እስኪያልፉ ድረስ ሞተሩን አዳመጡ። ከዚያ መዳፋቸውን ከፊታቸው ባለው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ አሳረፉ።

«ይቅር በይኝ» አሉ ለመኪናዋ። «አያያዝሽን አላወቅሁበትም ነበር።»

ጆሮ ከዚህ በላይ መንዳት አቃተው። ዳር ይዞ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንደያዘ፣ ወደ ፊት እያየ፣ ስለ ራዲያተሩ ቀለበት ነገራቸው። ስለ ቺንጋው ነገራቸው። ለምን እንዳደረገውም ነገራቸው። ወደ መስተዋቱ ለማየት አልደፈረም።

ሽማግሌው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ መኪናዋ ነበር።

«ታዲያ እሷ ጤነኛ ነበረች?»

«ጤነኛ ነበረች ጋሼ። እስከ ዛሬም ጤነኛ ናት።»

ሽማግሌው ለባለ መድኃኒት ቤቱ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ አሉ። ወዲያው ሰውየው ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ መሆኑ ትዝ አላቸው። የሳቁባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ በሐሳባቸው ዞሩ፤ የሚነገረው ሰው አላገኙም። ቆይተው «ሰባት ጊዜ» አሉ። «ሰባት ጊዜ መሳቂያ አደረግኸኝ።»

«ስድስት ነው ጋሼ። አልዋሽም፤ ስድስት ነው።»

«ሰባተኛዋን ነው የማልረሳት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ተማሪው ተሰልፎ፣ ከትምህርት መምሪያ የመጡትን እንግዶች ጭኜ። ቁልፉን ባዞር ባዞር ድምፅ የለም። የገዛ ተማሪዎቼ ገፏት። በማግስቱ ሸጥኳት።»

ጆሮ ግራ ገባው። ከዚያ በፊት ሁሉን ብሎን አጥብቆ፣ ምሎ ነበር። አፉን ሲከፍት ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ሰባተኛው የኔ ነው፣ አባባ።»

ሁለቱም ዞሩ። ልጅቱ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«የባትሪውን ገመድ ያላላሁት እኔ ነኝ። ስድስት ሳምንት ሆኖን ነበር፣ ጋራዥ ሳንሄድ። ሁልጊዜ የምትበላሽ መኪና አንድ ቀን ብትጨምር ማን ያውቃል ብዬ ነው። እንግዶች እንዳሉብህ አልነገርከኝም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ልነግርህ አልቻልኩም።» ወደ ጆሮ አየች። «ያንተን ስድስት አላውቅም ነበር። እውነት የተበላሸች መስሎኝ ነው የኖርኩት።»

መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ አልፋ ሄደች። መምህሩ ያቺን ሴት እስክትርቅ በዓይናቸው ተከተሏት።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ» አሉ በመጨረሻ። «ይነቅዛል እንጂ ልጆቼ። ይኸው ሃያ ሰባት ዓመት ነቀዘ። አንዲት ቃል ብትነግሩኝ እኔም መኪናዬን አልሸጥ፣ እናንተም…»

በሩን ከፈቱና ከዘራቸውን አስቀድመው እየተጠነቀቁ ወረዱ። ጆሮ ጥለዋቸው የሚሄዱ መስሎት ሊከተላቸው ተነሳ። እሳቸው ግን የኋላውን በር ከፍተው ልጃቸውን ወደ ፊት እንድትወጣ አዘዟት። አባባ ተው፣ ይቆረቁርሃል አለች። አልሰሟትም። ወጣች፤ ዞራም ከጆሮ አጠገብ ተቀመጠች። ሁለቱም እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጠፍቷቸው፣ እንደተቀጣ ተማሪ ፊት ለፊት ያያሉ። የሷ ፀጉር ሸብቷል፤ የሱም ከሸበተ ቆይቷል።

ጆሮ ቁልፉን አዞረ። ተነሳች።

«በል ንዳ» አሉ ሽማግሌው ከኋላ። «ቀስ ብለህ። የምትቸኩሉበት ዕድሜ አልፏችኋል።»