ሦስተኛው ሐይቅ ሲቀላ

ሦስተኛው ሐይቅ የቀላው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ አስጎብኚዋ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ባስገባች ማግስት።

ተራራው አናት ላይ ሦስት ሐይቆች አሉ። እሳተ ገሞራው በጥንት ጊዜ ፈንድቶ የተዋቸው ሦስት ጉድጓዶች ውሃ ሞልተው፣ በቀጭን የድንጋይ ግድግዳ ተለያይተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ እንደ ጠርሙስ ስባሪ አረንጓዴ ነው። አንዱ ጥቁር ነው፤ ደመና እንኳ አይታይበትም። ሦስተኛው ግን አመሉ አይታወቅም፤ ሲያሻው ሰማያዊ ይሆናል፣ ሲያሻው ወተት የተደፋበት ይመስላል። በየዓመቱ ውሃውን ሊለካ የሚመጣው ተመራማሪ፣ «ከታች ጋዝ ይወጣል፣ ውሃው ውስጥ ብረት አለ፤ ብረቱ ሲዝግ ይቀላል። እንደ ምስማር በይው» ብሎ አስጎብኚዋን አስረድቷት ነበር።

ሐሙስ ዕለት የዛገ ምስማር መሰለ።

አስጎብኚዋ ከተማ ውስጥ አንድ የካርታ ሥራ ቤት ተቀጥራለች። ሰኞ ጠዋት ካልቀረበች ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል። ከመንደሩ የሚወጣው አውቶቡስ ደግሞ በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በጣቷ ቆጥራ ጨርሳለች። ያልቆጠረችው ተረቱን ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ ይዛ ስትወጣ ጉም ተራራውን ዋጠው። ሐይቅ የለም፣ ገደል የለም፣ የገዛ ጫማ እንኳ አይታይም። ሰዎቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ ጨነቃት። የምታሳያቸው ስታጣ የምትነግራቸው ፈጠረች። ሦስት ሴት ልጆች ያሏት እናት ነበረች አለች። የመጀመሪያዋ አረንጓዴውን ሐይቅ ወሰደች፣ ሁለተኛዋ ጥቁሩን፤ ሦስተኛዋ ግን ልቧ መንገድ ላይ ስለሆነ ሐይቋ ቀለም አልያዘም። እናቷን ትታ ልትሄድ ስትነሳ ሐይቁ ይቀላል፤ ካልተመለሰች የእናትየው ዓይን ይጠፋል።

ጎብኚዎቹ ጉሙን ረሱት። በሳምንቱ ደገመችው። በዓመቱ የጉብኝት ቢሮው በትልቅ ሰሌዳ አስጽፎ መግቢያው ላይ ተከለው፤ ከላይ «ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አፈ ታሪክ» ይላል። ያን ጊዜ ብቻዋን ስቃ ነበር።

እናቷ በእንግዳ ማረፊያው አንሶላና መጋረጃ የምትጠግን ልብስ ሰፊ ናት። ዓርብ ከሰዓት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መርፌው ውስጥ ክር ልታስገባ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሳታችው።

«እማ፣ አምጪው ላስገባልሽ።»

«ተይው። መልመድ አለብኝ።»

«ምኑን ነው የምትለምጂው?»

«እኔ ምን አልኩ? ሂጂ ነው ያልኩሽ። ሐይቁ ቀላ፣ ቀላ አልኩ። እኔ አይደለሁ ያቀላሁት!»

«ተረቱን እኮ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

እናቷ መርፌውን መጋረጃው ላይ ሰክታ ከልቧ ሳቀች። «አንቺ? እኔን አያቴ ጸጉሬን እየሠራች የነገረችኝን?»

አስጎብኚዋ ከአልጋዋ ሥር የድሮ ደብተሯን አውጥታ አመጣች። የጉሙ ዕለት ከተራራው እንደወረደች የጻፈችበት ገጽ ነው። «ይኸው፣ ስንቴ እንደሰረዝኩ እዪው። እዚህ ጋ እንዲያውም ሦስተኛው ወንድ ልጅ ነበር።»

እናቷ ገጹን አቀረበችው፣ አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው። «ስነግርሽ ልብሽ ሌላ ቦታ ነበር ማለት ነው» አለች። «እየጠፋብሽ ነው የሰረዝሽው።»

ብትዋሽ ይሻል ነበር። ፊቷ ግን የሚያስታውስ ሰው ፊት ነው፤ የአያቷን ጣቶች ጸጉሯ ውስጥ እየዳሰሰች ያለች ይመስል አንገቷን ዘንበል አድርጋለች። አስጎብኚዋ ክሩን ተቀብላ መርፌው ውስጥ አስገባችላት።

የቀራት አንድ ምስክር ነበር፤ የጉሙ ዕለት አውቶቡሱን የነዱት ሹፌር። በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው ስለማያውቁ መንደሩ ሁሉ «ጋሽ ቀስበሉ» ይላቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ መስታወት እየወለወሉ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ያ የጉሙ ዕለት ትዝ ይልዎታል?»

«ምን ጠፍቶኝ! ለሚስቴ እንኳ ‹ይቺ ልጅ እናቴ የምትነግረንን ተረት አንድ ቃል ሳታጎድል አወራችው› ብዬ ነገርኳት።»

«ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም እኮ! ከራሴ ነው ያወጣሁት።»

«ኧረ ልጄ፣ ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የሰማሁትንና ያልሰማሁትን አንቺ ልትነግሪኝ ነው?»

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። አስጎብኚዋ ገብታ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

መንገዱ መጀመሪያ ወደ ተራራው አናት ይወጣል፤ ሦስተኛውን ሐይቅ በአፋፉ ዞሮ ነው ወደ ወዲያኛው የሚወርደው። መመልከቻው ጋ ሲደርሱ አውቶቡሱ ቆመ። ሁሉም ተንጋግተው ወረዱ። እሷ ጉልበቷን አቅፋ ቀረች። ድምፃቸው በክፍቱ በር ይገባል።

«ኧረ ደም ነው!»

«ምን ደም አለው? ሻይ ነው የሚመስለው።»

«አንቺ ደግሞ ምን ዓይነት ሻይ ነው የምትጠጪው!»

ጋሽ ቀስበሉ ተመልሰው ገቡ። ቁልፉን ነቅለው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«ውረጂ ልጄ። ወደ ቤት እመልስሻለሁ።»

«ጋሼ፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ።»

«እኔ የሰው እናት ዓይን በዚህ መሪ አላጠፋም። ሌላ ሹፌር ፈልጊ።»

«ሌላ ሹፌር የለም እኮ!»

«ታዲያ እኔስ ምን አልኩሽ?»

ልትሟገታቸው አፏን ከፈተች። ስለ ጋዙ፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ ምስማሩ ልትነግራቸው ነበር። ነገር ግን ዓርብ ከሰዓት፣ እናቷ መርፌውን ሦስተኛ ጊዜ ስትስተው፣ እሷ ራሷ ምን እንዳደረገች ትዝ አላት፤ በመስኮቱ ወደ ተራራው ቀና ብላ አይታለች። ሳታስበው ነው ያየችው። ሻንጣዋን አንስታ ወረደች።

ከተራራው ወዲያ ባለው፣ ወደ ከተማ በሚወስደው አስፋልት ላይ የጭነት መኪና አይጠፋም። እስከዚያ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ በሐይቁ አፋፍ ላይ ናቸው። ዓይኗን ጠጠሩ ላይ ተክላ መራመድ ጀመረች። ብዙ ሳትርቅ የሞተር ድምፅ ሰማች። ጋሽ ቀስበሉ ተሳፋሪዎቹን ጭነው፣ እንደ ቀብር አጃቢ፣ በእሷ እርምጃ ልክ ከኋላዋ ይነዳሉ።

«እህቴ፣ ተመለሺ!» አለች አንዷ በመስኮት።

«ተዋት እስቲ፣ ምን አገባሽ?»

«እሺ ሻንጣውን እንኳ ስጪን፣ ክንድሽ ተገነጠለ!»

ከዚያ አንድ ጎብኚ ሹፌሩን ማንነቷን ሲጠይቅ ሰማች። ጋሽ ቀስበሉም ሳያቅማሙ መለሱለት።

«ሰሌዳው ላይ አላነበብክም? ሦስተኛዋ ልጅ ናት።»

ሰውየው ከአውቶቡሱ ዘሎ ወርዶ፣ በጎኗ ሮጦ አለፋትና ፊት ለፊቷ መንገዱ መሃል ቆሞ ካሜራውን ደቀነ። እሷ ወዲያው ወደ ጎን ሸሸት አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ካሜራ ባየች ቁጥር ሐይቁን እንዳትከልል ፈቀቅ ስትል ኖራለች፤ እግሯ ሳይጠየቅ ነው የሄደው።

«አይ፣ አይ፣ አትሽሺ!» አላት በትህትና። «ከሐይቁ ጋር ነው የምፈልግሽ። ፊትሽን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ እናትሽ ቤት በኩል… እንደሱ። አሁን አትነቃነቂ።»

በግራዋ ገደሉና ቀዩ ውሃ፣ በቀኟ የድንጋይ ግድግዳ፣ ከኋላዋ አውቶቡሱ። ሻንጣዋን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ ቀጥታ ወደ ሰውየው ተራመደች። መንገድ ይለቅልኛል ብላ ነበር። እሱ ግን ካሜራውን ከዓይኑ ሳያወርድ ወደ ኋላው መራመድ ጀመረ። እሷ ስትፈጥን ፈጠነ፤ ስትዘገይ ዘገየ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እያነሳት፣ እያነሳት፣ አፋፉን አብረው ይዞሩት ጀመር።

እስከ አስፋልቱ ገና አሥር ኪሎ ሜትር ይቀራል።