በነጠላ ይምጡ

«ሀሎ! ሀሎ! አሳምነው፣ አይሰማኝም! ጮክ በል!»

ዘውድነሽ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ከሳሎን ወደ በረንዳ እያነከሰች ወጣች። ኔትወርክ የሚይዘው በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ያውም ግድግዳውን ተደግፈው ሲቆሙ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን የርዕሰ መምህሩ ድምፅ እየተቆራረጠ ነው የደረሳት።

«…ቲቸር… እግርዎ እንዴት… አይጨነቁ… ነገ… በነጠላ ይምጡ… ተወስኗል…»

«ምን? በምን?»

«በነጠላ! በነጠላ ነው…»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል አልገባ አለ። ባሏ ነጋ በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጦ ለምሳ የሚሆን ድንች ይልጥ ነበር።

«ምን አለሽ?» አላት ቢላዋውን አቁሞ።

«በነጠላ ጫማ ነይ አለኝ።»

«ማ? አሳምነው?»

«አሳምነው! እኔው ፊደል ያስቆጠርኩት አሳምነው! ነገ የወላጆች በዓል ነው፤ ያገር ሰው በተሰበሰበበት መድረክ ላይ በነጠላ ጫማ ውጪ ይለኛል! በመታጠቢያ ቤት ጫማ! ምነው እግሬን በሰበረው ኖሮ!»

«ጫማ» የምትለዋን ቃል የጨመረቻት ራሷ ናት። አሳምነው ስለ ጫማ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ግን ሰው የሚፈራውን ነገር ሳይነግሩትም ይሰማል፤ ዘውድነሽ ደግሞ ከሰሞኑ ከጫማ ሌላ የምታስበው ነገር አልነበራትም።

ዘውድነሽ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት የአማርኛ መምህርት ናት። እንጅባራ ውስጥ እሷን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ዘናጭ ናት፤ ዘናጭ ስል የጥለቱ ቀለም ከጆሮ ጌጡ፣ የጆሮ ጌጡ ከቦርሳው ካልተስማማ ደጅ የማትወጣ ማለቴ ነው። ታኮዋማ ሌላ ነው። በክረምቱ ጭቃ፣ በበጋው አቧራ፣ ባለ ታኮ ጫማ ሳታደርግ ታይታ አታውቅም። ቁመቷ አጭር ነው። «እግዜር ያጎደለውን ታኮ ሞላላት» ይላል ነጋ ሲያበሽቃት። ተማሪዎቹ ስሟን «ቋ» ነው የሚሏት። በሲሚንቶው ኮሪደር ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚለው ድምፅ ከመምህራን ማረፊያ ሲነሳ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ጸጥ ይላል። ይህን ታውቃለች፤ ደስም ይላታል።

አሁን ግን ተረከዟ ውስጥ አጥንት በቅሏል። «ታኮ በቃ» አላት ሐኪሙ። «በቃ ማለት?» ብትለው፣ «በቃ ማለት በቃ ነዋ!» አላት። በነጋታው ካልሲ አድርጋ፣ ነጠላ ጫማዋን ተጫምታ እስከ ገበያ ወጣ ስትል ባለ ባጃጁ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ።» በታኮው ዘመን «እህት» ነበር የሚላት፤ ያው ልጅ፣ ያው ባጃጅ! ከተረከዟ ይልቅ ያመማት እሱ ነው። የዚያን ቀን ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ለነጋ ግን አልነገረችውም።

የወላጆችን በዓል መድረክ የምትመራው ሁልጊዜ እሷ ናት። የነገው ቢያመልጣት፣ እንደ አሮጊት ከዳር ወንበር ላይ ተቀምጣ ብታጨበጭብ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ነይ ውጪ የሚላት አልመሰላትም።

«እወጣለሁ» አለች። «ያውም በታኮ! በረጅሙ!»

«ዘውዴ፣ ለእልህ ብለሽ እግርሽን…»

«አንተ ድንችህን ላጥ!»

ጥቁሩን ባለ ታኮ አውጥታ ተጫማችና ከአልጋው ተነስታ ወደ በሩ አመራች። በሩ ጋ አልደረሰችም። ህመሙ ከተረከዟ ተነስቶ ሽቅብ ሲወጋት የቁም ሳጥኑን እጀታ ይዛ ቆመች። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ምላጩ ግን ሲውጡት ይቆርጣል።

ከሰዓት በኋላ ለበዓሉ ያሰፋችውን ቀሚስ ልትቀበል ውዱ ዘንድ ሄደች። ውዱ ከመናኸሪያው ጀርባ የሀበሻ ቀሚስ የሚሰፋ ሰው ነው። ከገጠር ደንበኞቹ ጋር በአገውኛ፣ ከከተሜዎቹ ጋር በአማርኛ፣ ከስፌት መኪናው ጋር ደግሞ በእርግጫ ይነጋገራል። ዘውድነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ቀሚሱን ለብሳ፣ በዚያችው በነጠላ ጫማዋ ብቅ አለች። ነጩን ቀሚስ ከታች የዞረው ሰማያዊ ጥለት መሬት ላይ ይጎተታል።

«ኧረ እትዬ ዘውዴ፣ ቤቱን ጠረጉልኝ እኮ!» አለ ውዱ። «ይኼ የተለካው በታኮው ነው።»

«እኔም የተለካሁት በታኮው ነው» አለች።

ልትቀልድ ነበር። ግን ከአፏ ሲወጣ ድምፅዋ ተሰበረባት። ውዱም ምን እንደሚል ጠፍቶት መርፌ የሌለበት ቦታ መርፌ ይፈልግ ጀመር።

በዚህ መሀል ሶስና ገባች። ሶስና እንግሊዝኛ የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት፤ እሷም ታኮ ላይ ነች። «ውዱ፣ የመምህራኑ ነጠላዎች አለቁ?» አለችና ዘውድነሽን አይታ እጅ ነሳች። «ቲቸር! እርስዎም የራስዎን ሊወስዱ ነው?»

«የምን ነጠላ?»

«አሳምነው አልደወለልዎትም እንዴ? ነገ መምህራን ሁሉ አንድ ዓይነት ጥለት ባለው ነጠላ እንውጣ ተባለ እኮ። እንደ ቀሚስዎ ሰማያዊ ነው።»

ውዱ ከመደርደሪያው የተጣጠፈ ክምር አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ነጠላ። ንጹሕ፣ ነጭ፣ ትከሻ ላይ የሚጣል ነጠላ። ዘውድነሽ ክምሩን አየች፤ ቀጥሎ እግሯን አየች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ወይ ጉድ! ወይ የኔ ነገር! እኔኮ በነጠላ ጫማ ነይ ያለኝ መስሎኝ ልጁን ስረግመው ነው የዋልኩት!»

ሶስናም ውዱም ሳቁ። ሳቁ በረደ። ከጠዋት ጀምሮ ዘውድነሽን ያቆማት ንዴት ነበር፤ አሁን የምትናደድበት ሰው የለም። ለነገው በዓል ታኮሽን አውልቂ ያላትም፣ አታውልቂ ያላትም የለም። የቀረችው እሷና ተረከዟ ናቸው።

«ሶስና፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ካልቻልኩ የሚመራው ማነው?»

ሶስና አቀረቀረች። «እኔ እንድዘጋጅ ተነግሮኛል። ግን ቲቸር፣ እመብርሃንን፣ አልፈልግም። ፈርቻለሁ። ደግሞም…» ወንበር ስባ ተቀመጠችና አንድ ጫማዋን አወለቀች። ትንሿ ጣቷ በፕላስተር ተጠቅልላለች። «ጥፍሬ ሁለቴ ነው የተነቀለው። ታኮ የጀመርኩት እርስዎን አይቼ ነው። እርስዎ ያላወለቁትን እኔ እንዴት አወልቃለሁ ብዬ ነው እንጂ…»

«አንቺ ሞኝ!»

«እርስዎስ?»

ዘውድነሽ ወደ መስታወቱ ዞረች። መስታወቱ ፊት ቆማ ቀሚሱን በሁለት እጇ ወደ ላይ ሰበሰበችው፤ ቁርጭምጭሚቷ ብቅ አለ። ከዚያም፣ «ውዱ፣ ይኼ ቢያጥር ምን ይመስላል?» አለች።

«ከታች ከነካሁት ጥለቱ ይሄዳል» አለ ውዱ፣ አሁን የሚለው ነገር ስላገኘ ፈጠን ብሎ። «ከወገቡ ላይ አጥፌ በክር ልያዘው፤ መቀነቱ ይሸፍነዋል። ካልወደዱት ሰኞ እፈታልዎታለሁ። ብቻ ቁርጭምጭሚትዎ ባዶ እንዳይሆን።»

«አይሆንም» አለች። የእናቷ የብር አልቦ ትዝ አላት። ረጅም ቀሚስ ከሥሩ ውጦት ይቀራል እያለች አድርጋው የማታውቀው አልቦ ነው።

ሲወጡ ሶስና እጇን ይዛ ጫማ መደብር አስገባቻት። ተረከዝ የሌለው፣ ጫፉ ሾል ያለ፣ ለስላሳ ጥቁር የቆዳ ጫማ መረጡ። ዘውድነሽ ተጫምታ ወዲያ ወዲህ አለች። አልቆረቆራትም። ደስታዋን ለመደበቅ ሻጩን በቆዳው ጥራት ላይ ጥቂት ጨቀጨቀችው።

በነጋታው ጠዋት ሌሊቱን የጣለው የሰኔ ዝናብ ሜዳውን አርሶት ነበር። ዘውድነሽ በኮሪደሩ ስታልፍ ማንም አልሰማትም። ስምንተኛ ክፍል በር ላይ ስትደርስ ውስጡ ይንጫጫል። አጮልቃ አየች።

አንዲት ተማሪ የደብተር ቦርሳ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ አገጯን ከፍ፣ ትከሻዋን ነፋ አድርጋ በጠረጴዛዎቹ መሀል ትንጎራደዳለች። ጓደኞቿ ዴስኩን እየደበደቡ «ቋ! ቋ! ቋ!» ይሏታል። ልጅቷ ዞር አለችና በቀጭን ድምፅ፣ «ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር በር የሌለው ቤት ነው!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ዘውድነሽ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን ዓይኗ የልጅቷ እግር ላይ አረፈ። ልጅቷ ያደረገችው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ያውም ጭቃ የበላው። ልጅቷ በኮንጎ ጫማ ብትሄድም ዘውድነሽ በሷ ውስጥ ራሷን ወዲያው አወቀች። አገጯ የሷ ነው፤ ትከሻዋ የሷ ነው፤ አረማመዷም የሷ ነው። ታኮው እዚያ ውስጥ አልነበረም።

«ጥሩ ነው» አለች ገባ ብላ። «ግን ወገብሽን ቀና አድርጊው።»

ክፍሉ ደረቀ። ልጅቷ ቦርሳውን ጣለችው።

«ቲ… ቲቸር፣ አልሰማንዎትም እኮ!»

«ከእንግዲህማ አትሰሙኝም» አለች ዘውድነሽ። ስትወጣ ከኋላዋ አንዱ፣ «አለቀልን! አሁን መምጣቷን በምን እናውቃለን?» ሲል ሰማች፤ ኮሪደሩን ጨርሳ እስክትወጣ ፈገግታዋ አልጠፋም።

መድረኩ ሥር ቆሞ ይጠብቃት የነበረው አሳምነው አያት፤ ከነጠላው እስከ ሰማያዊው ጥለት፣ ከጥለቱ እስከ አልቦው። «ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ… አማረብዎት!» አለ። «ስልኩ ሲቆራረጥ መልእክቴ አልደረሰዎት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር።»

«ደርሶኛል» አለችው። «ከላይም ከታችም።»

አልገባውም። እሷም ወደ መድረኩ ወጣች።

ዝግጅቱ ገና መሀል ሳይደርስ መብራት ጠፋ። ማይኩ ዝም አለ፤ ከኋላ የተቀመጡት፣ ከዘንገና ሐይቅ አካባቢ የመጡት ወላጆች «አይሰማም! አይሰማም!» እያሉ መነሳት ጀመሩ። ሶስና ልትረዳ ከዳር ተነስታ ወደ መድረኩ ስትሮጥ፣ ልማድ አሸንፏት ያደረገችው ታኮ እርጥቡ ሣር ላይ እንደ ችካል ተተከለና አንድ እግሯ ባዶ ቀረ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘውድነሽ ከመድረኩ ወርዳ ሜዳው ውስጥ ገባች። ጫማውን ነቅላ ለሶስና ሰጠቻትና፣ «ሁለቱንም አውልቂያቸው» አለቻት በጆሮዋ። ከዚያ በወላጆቹ መሀል እየሄደች፣ ጎንበስ እያለች፣ ቀና እያለች፣ በራሷ ድምፅ ቀጠለች። ግጥም የሚያነቡትን ልጆች እጃቸውን ይዛ እስከ ኋለኛው ሰልፍ ወሰደቻቸው። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «እንዲህ ነው እንጂ! ዘንድሮ ገና የሰማሁ ዛሬ ነው!» አሉ። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ማይኩን ማንም አላስታወሰውም።

በዓሉ ሲያልቅ ደክሟት ነበር፤ ተረከዟም ትንሽ ትንሽ ይጠዘጥዛታል። ግን ቆማለች። በሩ ላይ ያ ባለ ባጃጅ አቆመላት።

«ወዴት ነዎት እማ…» አለና ከላይ እስከ ታች አያት። አልቦው ላይ ሲደርስ ቃሉን ዋጠው። «እትዬ?»

ዘውድነሽ ሳቀች። «የፈለግኸውን በለኝ፣ ልጄ። ብቻ ሱቁ ሳይዘጋ ውዱ ጋ አድርሰኝ።»

ውዱ መዝጊያውን ገፋ ሊያደርግ ሲል ደረሰች። መቀነቷን ፈትታ ወገቧ ላይ እጥፉን የያዘበትን ክር አሳየችው።

«ልፍታው?» አለ ቅር ብሎት። «እኔኮ ያማረብዎት መስሎኝ…»

«አትፍታው፤ ትርፉን ቁረጠው» አለች። «ሌሎቹን ቀሚሶቼንም ሰኞ አመጣልሃለሁ።»