የሃሪን ቦታ

አድናቂዎቻችንን የሚያስተባብረው ኤልቃና ዕቅዱን የነገረኝ እንደ ስጦታ ነበር።

«ለማንም እንዳትናገሪ፤ ሰርፕራይዝ ነው» አለኝ። «ቅዳሜ ውድድሩ ላይ የሶክጁ ተራ ሲደርስ ሁላችንም የስልካችንን መብራት እናጠፋለን። ጭጭ። ከዚያ አንቺ ወደ መሐል ስትመጪ በአንድ ጊዜ ቦግ! ሰው ያብዳል።»

የቆምነው ከኮተቤ በላይ፣ እንጦጦ ጋራ ወገብ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ጉቶው በቀረበት ሜዳ ነበር። አዳራሽ የሚሰጠን ስላልነበረ የምንለማመደው እዚያ ነው። ኢፍቱ ትንሽ ራቅ ብላ አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስራለች።

«የሶክጁ ተራ ማለት እኮ የኢፍቱ ተራ ነው» አልኩት።

«አይ፣ የሶክጁ ነው። ሶክጁን ደግሞ ማን ይወዳታል? አገሯ ኮሪያ እንኳ ሰው የላትም።»

አራት ሴቶች ነን፤ እኔ፣ ኢፍቱ፣ ሰርክና ኩልሱም። የምንደንሰው ዳልቢት የሚባሉትን አራት ኮሪያውያት ዳንስ ነው። እያንዳንዳችን አንዷን እንሆናለን። ፀጉሯን፣ አቋቋሟን፣ ቦታዋን እንይዛለን። ስንጀምር ሁላችንም የፈለግነው ሃሪንን ነበር፤ የዓለም ሕዝብ የሚወደው እሷን ነውና። የቡድናችን መሪ ሰርክ እናቷ የእቁብ ዳኛ ናቸው። «ምን ያጣላናል? እንደ እቁብ ዕጣ ይውጣ» አለችና አራት ብጣሽ ወረቀት ጠቅልላ ኮፍያ ውስጥ ጨመረች። ሃሪን ለእኔ ወጣች። ሶክጁ ለኢፍቱ። ዕጣ ስለሆነ ማንም አላጉረመረመም።

እቁብ ላይ ግን ዕጣው ይዞራል፤ ዛሬ ያልደረሰው ሌላ ቀን ይደርሰዋል። የእኛ አንዴ ወጥቶ ቀረ። ይህን ማናችንም አላሰብንም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ቸርችም መዘምራን ውስጥ ስቆም የኋላው ረድፍ ላይ ነው፤ ድምፄን ከአጠገቤ ያለችው እንኳ በደንብ አትሰማውም። ዳንሳችን ፌስቡክ ላይ መውጣት ሲጀምር ግን መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ የማላውቃቸው ልጆች «ሃሪን! ሃሪን!» ይሉኝ ጀመር። አልወደድኩትም ብል ውሸት ነው። ከአራታችን በደንብ የምትደንሰው ኢፍቱ ነበረች። እሷ በግራ በኩል ዳር ትቆማለች፤ ፎቶ የሚያነሱን ልጆች ብዙ ጊዜ ከትከሻዋ ላይ ይቆርጧታል።

«ቅዳሜ አባቷ ይመጣሉ» አልኩት ለኤልቃና።

«እና? እኛ ለአባቷ ብለን አይደለም የምንመጣው።»

የኢፍቱ አባት ጋሽ ዱሬሳ ነገሩ አልገባቸውም። ድሮ ካራ ሰፈር አርሰው የሚያድሩ ሰው ነበሩ፤ አሁን አጣና ይሸጣሉ። ልጃቸው ከትምህርት በኋላ ጋራ ላይ ስትዘል መዋሏ ሲያሳስባቸው ከርሟል። በመጨረሻ «አንድ ቀን አይቼው እወስናለሁ» አሏት። ካልወደዱት ከሰኞ ጀምሮ ላምበረት አክስቷ አልጋ ቤት ልትሠራ ነው። ዳንሱም በዚያው ያበቃል። ይህን ስትነግረን ኢፍቱ ስቃ ነበር፤ እጆቿን ግን እያሻሸች።

እና እኚህ ሰው የልጃቸው ተራ ሲደርስ አዳራሽ ሙሉ ሰው መብራቱን ሲያጠፋባት ሊያዩ ነው።

«ኤልቃና፣ እባክህ ተወው።»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ስለወደደሽ ታኮርፊያለሽ? ቡድን እኮ ስም ነው፤ ሰው የሚከተለው ባያሱን ነው።» ባያስ የሚሉት ከአባላቱ ሁሉ አብልጠው የሚወዷትን ነው። «ደግሞ የፌስቡክ ግሩፓችን ላይ ወጥቷል። እኔ ብፈልግም አልመልሰውም።»

ሰርክን ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። ከሩቅ ኢፍቱን አየቻት።

«ዳኞቹ የሕዝቡን ስሜት ያያሉ» አለች በመጨረሻ። «ያድርጉት። ለኢፍቱ ብቻ እንዳትነግሪያት፤ ትረበሻለች።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። ልጆቹ የስልካቸውን መብራት በቢጫ የከረሜላ ወረቀት ሸፍነውታል፤ ቢጫ የሃሪን ቀለም ነው። የመድረክ ልብሴን እንደለበስኩ ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«አንድ ነገር ልላችሁ ነበር» አልኩ።

«ሃሪንዬ! ድምፅሽ ራሱ ሲያምር!» አለች አንዷ። ሳቁ። ሁለቱ መጥተው ከጎኔ ቆሙና ሰልፊ ተነሡ።

«እኔ ሃሪን አይደለሁም። ዶርቃ ነኝ። ለኢፍቱ መብራት አታጥፉባት። ካጠፋችሁ… እኔም ወደ መሐል አልወጣም።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ኤልቃና ከሰልፉ መሐል «አትስሟት፣ ፍርሃት ነው! ልትወጣ ስትል ሁልጊዜ እንደዚህ ያደርጋታል» ብሎ ጮኸ።

«አታካብጂ በናትሽ! ስናይሽ ትወጫለሽ!» አለች ያችው ልጅ።

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ የክፋት አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ወደ ውስጥ ስመለስ ጋሽ ዱሬሳ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ግራ ተጋብተው ቆመዋል። ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። ግራና ቀኛቸው ቢጫ ስልክ የያዙ ልጆች ናቸው።

«ልጄ፣ ኢፍቱ የቱ ጋ ነው የምትቆመው?»

«በግራ በኩል ነው ጋሼ። ዳር።»

«ዳር?» አሉ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ከመጋረጃው ጀርባ ኢፍቱ ፀጉሯን ትጎነጉናለች። ሰርክ ሙዚቃውን ልትሰጥ ሄዳ ስለነበር ነገርኳት። እጇ አላቆመም።

«አውቃለሁ» አለች። «ግሩፑ ላይ እኔም አለሁ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? እደንሳለኋ።»

«እኔ ወደ መሐል አልወጣም።»

ያን ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ። «እንዳታደርጊው ዶርቃ። በአንቺ ምሕረት መታየት አልፈልግም። ሰምተሻል?»

ወዲያው ተጠራን።

የመድረኩ መብራት እንዲደበዝዝ ተደርጎ ከላይ አንዲት ቀይ አምፖል ብቻ ቀርታ ነበር፤ የተመልካቹ ስልክ ደምቆ እንዲታይ ነው። ስንወጣ አዳራሹ ቢጫ ሆነ። የሰርክ ክፍል አለፈ፤ ከዚያ የኩልሱም። ለእነሱ ዝም ብለው አበሩላቸው። ቀጥሎ ኢፍቱ ከዳር ተነሥታ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ስትራመድ መብራቱ ከኋላ ወንበሮች ጀምሮ እየጠፋ መጣ።

ጨለመ። ጩኸቱም አብሮ ጠፋ። ከሙዚቃው ሥር የሚሰማው የኢፍቱ ጫማ ጣውላው ላይ ሲያርፍ ብቻ ነበር። ፊቷ አይታየኝም፤ እጆቿ በቀዩ ብርሃን ውስጥ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አንድም ምት አልሳተችም። ጋሽ ዱሬሳ የተቀመጡበትን ለማየት ሞከርኩ፤ ጥቁር ብቻ ነው።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ቦግ አለ።

«ሃሪን! ሃሪን! ሃሪን!»

እግሬ መንገዱን ያውቀዋል። ልቀቂኝ እያለኝ ነበር። ጀርባዬን ለሕዝቡ እንደሰጠሁ በኋላው መስመር ላይ ቀረሁ።

«ውጪ!» አለች ሰርክ በጥርሷ መሐል። «ዶርቃ፣ ውጪ!»

መሐሉ ባዶ ሆነ። ሙዚቃው የሃሪንን ክፍል እየዘፈነ ይሄዳል። ጩኸቱ መጀመሪያ ቀጠለ፣ ቀጥሎ ሳሳ፣ ከዚያ የሆነ ሰው አፏጨ። ኢፍቱ በዚያ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ መሻገር አለባት፤ ሁልጊዜ የምታልፈው ከሃሪን ጀርባ ነው። በትከሻዬ ላይ ዞር ብዬ አየኋት። ባዶውን ቦታ ሰው እንዳለበት ዞራ አለፈች። አልረገጠችውም።

ሲያልቅ ጭብጨባው እንደ ነገሩ ነበር። አላሸነፍንም።

ውጭ ስንወጣ ሰርክ «የሁለት ዓመት ልፋት!» አለችኝና ፊቷን አዞረች። ልጆቹ ቢጫውን ወረቀት ከስልካቸው እየላጡ በአጠገቤ ያልፋሉ። «ሃሪንዬ» ያለችኝ ልጅ እንዳላየች ሆና አለፈች። ኤልቃና መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«አሁን ደስ አለሽ?»

ያን ጊዜ ጋሽ ዱሬሳ ከበሩ ወጡ። ኢፍቱ ላቧ ሳይደርቅ አባቷ ፊት ቆመች። ኮፍያቸውን አደረጉ፤ መልሰው አወለቁት።

«መብራት የሄደ ጊዜ» አሉ፣ «አንቺ አላቆምሽም።»

ኢፍቱ ወደ እኔ አየች። «አላቆምኩም አባ።»

«በዚያ ጨለማ! ቀይዋ ባትሪ ባትኖር እኮ ትወድቂ ነበር። ሲመጣ ደግሞ ሕዝቡ እንዴት ጮኸ! እኛ ሰፈር ልጆቹ ሲመጣ እንደሚጮኹት ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ይህቺ ደግሞ ደንግጣ ቀረች። አይዞሽ ልጄ፣ ያስደነግጣል።»

ኤልቃና «ኧረ ጋሼ፣ መብራት እኮ አልሄ…» ብሎ ጀመረ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «ደነገጥኩ። እሷ ባትኖር ሁላችንም እናቆም ነበር።»

ኤልቃና አፉን እንደከፈተ አየኝ፤ ከዚያ ዘጋው። ሰርክ መሬት መሬት ታያለች።

«አባ፣ የላምበረቱ ነገርስ?» አለች ኢፍቱ።

«አክስትሽ ሌላ ሰው ትፈልግ» አሉና ታክሲ ሊይዙ ወደ አስፋልቱ ቀድመው ሄዱ።

ኢፍቱ ተከተለቻቸው፤ ጥቂት ሄዳ ተመለሰች። አቅፋ ልታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ ስትደርስ አይኗ ቀልቷል።

«ማን ለመነሽ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ማንም።»

«ስሻገር ቦታሽን ለቅቄልሽ ነበር። አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም? አባ መጨረሻውን አሳምረውት እንጂ አራታችንንም ነው ያጠፋሽን።»

ወያላው «ካራ! ካራ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጮሃል፤ አባቷ አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ይጠሯታል። ጥላኝ ሮጠች።

ታክሲው እስኪሄድ ቆሜ አየሁ። ከኋላዬ ሰርክና ኩልሱም አልሄዱም፤ አላናገሩኝምም። ትንሽ ቆይቼ ዞርኩና ወደ እነሱ መራመድ ጀመርኩ።