ባቡሩ የዞረላት ሴትዮ

ሃርላን ትሬስለር የሌላ ሰው ባቡር ሊያይ ሲመጣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን አስግጎ፣ በሬ ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ሰው ሆኖ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጸጉር ሲያስተካክል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ፣ የተዛነፈ ነገር ካየ ዓይኑን ይቆረቁረዋል። የዚያን ቅዳሜም ወደ ቬርና ሶቦታ ምድር ቤት የወረደው እንዲሁ ሆኖ ነው። ወተት አመላላሹ ዱዌይንና ሌሎች ሁለት ሰዎች ተከትለውት ወረዱ። ቬርና ከደረጃው ግርጌ ቆማ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። እጇስ ንጹሕ ነበር፤ የምታደርገው ቢጠፋት ነው እንጂ።

እነዚህ ሰዎች የወር ማኅበር አላቸው። ጠበል ጸዲቅ የለበትም እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ባለተራው ምድር ቤቱን ይከፍታል፣ ሌሎቹ መጥተው ባቡሩን ሲነዱለት ይውላሉ። ባቡሩ የእውነተኛው ባቡር ትንሽ ቅጂ ነው፤ ፉርጎው ከመዳፍ አይበልጥም፣ ሰዎቹም የአውራ ጣት ግማሽ አያክሉም። ታዲያ ትንሽ ነው ብሎ የሚቀልድ ሰው ሁለተኛ አይጠራም። ሁሉም በዓለም ላይ ኖሮ የማያውቅ የባቡር መሥመር ከራሱ ፈጥሯል፤ ስም አውጥቶለታል፣ ሸለቆ ሰጥቶታል፣ ማዕድን ቆፍሮለታል። ውሸት ነው። ግን ውሸቱ እውነት መምሰል አለበት። ምን ይጭናል? ለማን? ለምን በዚያ በኩል ያልፋል? ይህን መመለስ ያቃተው ሰው ሐዲዱ "የገና ዛፍ ሥር መጫወቻ" ይባልለታል። ከዚህ የከፋ ስድብ የላቸውም።

ቬርና ለዓመታት በየሰው ምድር ቤት እየዞረች ስትነዳ ኖራለች። የሷን ግን አንድም ቀን መጥተው አልነዱላትም። የሎረል ሸለቆ ምድር ባቡር ያለችው የሷ መሥመር ለአምስት ሰው ተብሎ የተሠራ ነው፤ ብቻዋን ስትሆን አንዱን ባቡር ትነዳለች፣ የቀሩት ቆመው ያዩዋታል። ሠርግ ደግሶ ብቻውን የሚበላ ሰው መሆን ሰለቻት። አሁን አንድ ተራ ተከፍቷል፤ ጊልበርት የሚባለው የዱዌይን ጎረቤትም ዓይኑን ጥሎበታል።

"ከሰሉ ከወዴት ነው የሚመጣው?" አለ ሃርላን።

"ከላይ፣ ከማዕድን ጉድጓዱ።"

"ወዴት ይሄዳል?"

"ወደ መስተዋት ፋብሪካው። የተረፈው ወደ ትልቁ መሥመር ይተላለፋል።"

"ሽቅብስ? ባዶውን ነው የሚወጣው?"

"የከሰሉ ፉርጎ ባዶውን ይወጣል። ሌላው ለጉድጓዱ ድጋፍ የሚሆን ግንድ ይዞ ይወጣል። ሠራተኛ የማይበላበት ጉድጓድ ደግሞ አይቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ድንችና ቢራም ይወጣል።"

"ቢራ ካለማ እኔ አምኛለሁ" አለ ዱዌይን።

ሃርላን አልሳቀም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። በወንዙ ዳር ዳር ሄደ። ፋብሪካውን አየ፣ ድልድዩን አየ፣ በእጅ ባትሪው ዋሻውን አጮልቆ አየ። ቬርና ትንፋሿን መልቀቅ ጀመረች። ይሄኔ ከምድር ቤቱ መሐል ደረሰና ቆመ።

ሐዲዱ እስከዚያ ድረስ ከወንዙ ጋር እንደ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሲሄድ ቆይቶ፣ እዚያ ላይ ድንገት ወንዙን ትቶ ኮረብታ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ተመልሶ ወንዙ ዘንድ ይወርዳል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ኩርባ ነው።"

"ኩርባ መሆኑን አየሁ። ለምን?"

ቬርና ሰማያዊ ቀለም የተቀባውንና ደመና የተሣለበትን ኮምፔርሳቶ በጣቷ አንኳኳች። "ከዚህ ጀርባ የቤቱ ማሞቂያ አለ። እሱን ለመዞር ነው።"

"ማሞቂያው ያለው በእኔና ባንቺ ዓለም ነው" አለ ሃርላን። "በዚህ ሸለቆ ውስጥ ማሞቂያ የለም። ቀያሹ ሜዳውንና ወንዙን እያየ ኮረብታ ወጣ? ባቡር ያለምክንያት አይታጠፍም፣ ቬርና። ይህን ያደረገ ቀያሽ በማግስቱ ይባረራል።"

"ታዲያ ቤቴን ላፍርሰው?"

"ቤትሽን አላውቅም። በሚመጣው ወር ቅዳሜ የባቡር ሞተሮቻችንን ይዘን እንመጣለን። ይህ ነገር ምክንያት ካገኘ እንነዳለን። ካላገኘ ጠቅልለን ወደ ጊልበርት እንሄዳለን። በገና ዛፍ ሥር የሚዞር ነገርማ የልጅ ልጄም አለው።"

ቬርና ፊቷ ቀላ። የሚሉትን ትሰማለች እንጂ እሺ የምትል ሴት አይደለችም፤ አባቷ "ይህች ልጅ ወንዝ ብትወድቅ ሬሳዋን ሽቅብ ነው የምንፈልገው" ይል ነበር። ቢሆንም ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች። የቆረቆራት ስድቡ አይደለም። የቆረቆራት የሃርላን እውነት መናገሩ ነው።

በማግስቱ ጀሶ በጠበጠች። መጀመሪያ ከወንዙ ዳር ገደል ሠራች፤ ባቡሩ ገደሉን ሊሸሽ ዞረ እንዲባል። ዱዌይን ወተቱን ሲያደርስ ጎራ ብሎ አየና፣ "ወንዙ በስንት ዘመኑ እንዲህ ያለውን አፈር ይተወዋል? በልቶት ነበር" አላት። አፈረሰችው። ቀጥሎ ረግረግ ሠራች፤ አረንጓዴ ቀለም፣ ማጣበቂያ፣ ሰጋቱራ። ባሏ ኤልመር የሚታጠብ ልብስ በቅርጫት ይዞ ሲወርድ አየው።

"እዚህ ማንን አስመለሰው?" አለ።

"ረግረግ ነው።"

"እሺ፣ ረግረጉ ምን በልቶ ነው?"

እሱንም አፈረሰችው። ኤልመር በደጉ ዘመን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ባቡር የሚባል ነገር አይገባውም። ሚስቱ አዲስ ፉርጎ ገዝታ ያረጀ እንዲመስል በጥላሸትና በጠመኔ ስታቆሽሸው ሲያይ፣ "እኔ በዚህ በኩል አጥባለሁ፣ አንቺ በዚያ በኩል ታቆሽሻለሽ፤ ይህ ቤት መቼም ሥራ አይፈታም" ይላል። ያም ሆኖ አንጀቱ አልቻለም።

"ማሞቂያውን ነቅዬ ወዲያ ጥግ ልውሰድልሽ?" አላት።

"በጥቅምት? በብርድ ልትገድለኝ ነው?"

"ታዲያ ለሃርላን እሺ በይውና ተይው።"

"እሺ ማለት እችል ቢሆን ኖሮ አንተን አላገባም ነበር። ወንድሞቼ ሁሉ አይሆንሽም ብለውኝ ነው ያገባሁህ።"

ኤልመር ይህን ሙገሳ ይሁን ዘለፋ ሳይለይ ቅርጫቱን አንሥቶ ወጣ።

ቀኑ እየቀረበ ሄደ። የወሩ ቅዳሜ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጠዋት ላይ አንድ ወጣት የጋዝ ቧንቧ ቀያሽ መጥቶ በቬርና ጓሮ ብርቱካናማ ባንዲራዎች ይተክል ጀመር። ባንዲራዎቹ አጥሩን ተከትለው መጥተው እናቷ ከተከለችው የፕለም ፍሬ ዛፍ ሥር ደረሱ። ቬርና በጀሶ የተለወሰ እጇን አንጠልጥላ ወጣች።

"ከዚህ አያልፍም።"

"እመቤቴ፣ አንድ ሥር ብቻ ነው የምንቆርጠው።"

"የአያትህን ጥርስ አንድ ብቻ ነው ብለህ ትነቅላለህ?"

"አያቴ ጥርስ የላትም፣ እመቤቴ።"

"እንግዲያው ነቅለህባታል ማለት ነው። ከዚህ አያልፍም ብያለሁ።"

ልጁ ወረቀት አሳያት። ወረቀቱን አላየችም፤ ወንበር አውጥታ ከዛፉ ሥር ተቀመጠች። ልጁ ስልክ ደወለ። ሌላ ሰው መጣ፣ ሲለማመጣት ቆየና እሱም ስልክ ደወለ። ቬርና ፍሬው ያለፈበትን ዛፍ ተደግፋ አንገቷ ላይ ሻርፗን ጠመጠመች። ምሳ ሰዓት ሲሆን ባንዲራዎቹን አንድ በአንድ ነቅለው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ በወዲያኛው ዳር ባለው ባዶ ቦታ ተከሏቸው፤ ከሷ አጥር ማዶ ሲደርሱም ተመልሰው ወደዚህ ተሻገሩ።

ኤልመር በመስኮት ብቅ ብሎ ሳቀ። "ዞሩ እኮ! ለአንድ ዛፍና ለአንዲት ክፉ ሴት ሲሉ ይኸው ዞሩ!"

ቬርና ከወንበሯ ተነሣች። "ምን አልክ?"

"ክፉ ያልኩት በፍቅር ነው።"

"ክፉውን ተወው። ዞሩ ነው ያልከው?"

መልሱን አልጠበቀችም። ወንበሩን እዚያው ጥላ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ከማሞቂያው ፊት፣ በሐዲዱና በወንዙ መካከል ባለው ሜዳ ላይ፣ በዚያ ሳምንት የእርሻ ቤት በቀለ። ጣሪያው የዛገ፣ በረንዳው ያዘመመ። የፕለም ዛፎቹን ከደረቀ አረም ሠራቻቸው። ዶሮዎቹን ከሩዝ ስባሪ ሠርታ በወረንጦ እያነሣች አናታቸውን በመርፌ ጫፍ ቀይ ቀባች። የቤቱን እመቤት ግን ከዚያው ከባቡር ጣቢያዋ ነው ያመጣቻት። ሻንጣ ይዛ ባቡር ስትጠብቅ የነበረች ሴት ናት፤ ቬርና ሻንጣዋን በምላጭ ቆርጣ ጣለችና፣ ከእንግዲህ የትም እንዳትሄድ በረንዳው ላይ አጣበቀቻት። ኦገስታ ፕሊት አለቻት። ከዚያ ከሐዲዱ ጎን የጥፍር ያህል ነጭ ሰሌዳ ተከለች፤ "ፊሽካ ክልክል ነው" ይላል።

ቅዳሜ ሰዎቹ መጡ። ኤልመር ፒሮጊ የሚባለውን በድንች የተሞላ ሊጥ በሽንኩርትና በቅቤ ጠብሶ ነበርና ሽታው ደረጃው ድረስ ተቀበላቸው። ሃርላን ሽታው እንዳልደረሰው ሆኖ በቀጥታ ወደ ኩርባው ሄደ።

"ይህቺ ማናት?"

"ኦገስታ ፕሊት ናት። ባሏ ሞቶባታል። ባቡር ድርጅቱ ሜዳዋን ሽጪልን ሲላት እንቢ አለች።"

"እንቢ ካለች ፍርድ ቤት ይገትሯታል።"

"ገትረዋት ነበር። ዳኛው በፕለሟ ያደገ የአክስቷ ልጅ ነው።"

"ሌላ ዳኛ ጋ መሄድ ነዋ!"

"እስከዚያ ክረምቱ ገባ። ድርጅቱ ቸኩሏል፣ ከሰሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ተከምሯል። ኮረብታውን መዞር እሷን ከመጠበቅ ይሻላል አሉ። ዞሩ። እሷ ደግሞ ዶሮዎቼ ይደነግጡብኛል፣ በደጄ ፊሽካ እንዳትነፉ ብላ አስፈረመቻቸው።"

ሃርላን ጎንበስ ብሎ ኦገስታን ለረጅም ጊዜ አያት። ኦገስታም ዓይኗን አልሰበረችም።

"ጸጉሯ ወደ ግራ አዘምሟል" አለ በመጨረሻ። "እንሞክረው።"

ሞከሩት። ዱዌይን ድንችና ቢራውን ይዞ ሽቅብ ወጣ። ሁለቱ ሰዎች ከትልቁ መሥመር ጋር ፉርጎ ይቀባበላሉ። ቬርና መሐል ቆማ ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚቆይ ታዛለች፤ ባቡሮቿ በሰው እጅ ሲሄዱ ድምፃቸው ሌላ ሆነባት። ሃርላን የከሰሉን ባቡር ይዞ ከጉድጓዱ ወረደ። ረጅም ነው፣ ከባድ ነው፣ ደግሞም ቀስ አድርጎ ነው የሚነዳው፤ ነጂነቱንስ ማንም አይክደውም። ኩርባውን ያዘ። የኦገስታ መንገድ ሐዲዱን ከሚያቋርጥበት ዘንድ ደረሰና፣ እጁ እንደለመደው መሻገሪያ ላይ የሚነፋውን ነፋ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም።

"ዶሮዎቹ!" ብሎ ጮኸ ዱዌይን።

የቀሩት ሁሉ ባቡራቸውን አቆሙ።

"ሃርላን" አለች ቬርና፣ "ባቡርህን አቁም። ኦገስታ ሐዲዱ ላይ ወጥታለች።"

"የት ወጣች? በረንዳው ላይ ናት!"

"አሁን ወጥታለች። ከድርጅቱ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እስኪመጣ አትነቃነቅም። እስከዚያ አንተም አትነቃነቅም።"

ሃርላን አንገቱ ቀላ። "እኔ ምን አጠፋሁ? መሻገሪያ ነው! መሻገሪያ ላይ ፊሽካ ይነፋል፣ ሕግ ነው! ሰው ቢገጭስ?"

"ማን ይገጫል? መንገዱ የሷ ብቻ ነው።"

"እንግዳ ቢመጣባትስ?"

"ማን ደፍሮ ነው እሷ ቤት በእንግድነት የሚመጣው?" አለ ዱዌይን።

"አትቀልድ! የመስተዋት ፋብሪካው ምድጃ ከሰል እየጠበቀ ነው፣ እኔ እዚህ ለዶሮ ብዬ ልቁም? ይህቺ ሴትዮ መላውን ሸለቆ ስታስቸግር የኖረች ናት! መጀመሪያ ሜዳዋን ከለከለች፣ አሁን ደግሞ አየሩን! ለሷ ብለን ያንን ሁሉ ኮረብታ መውጣታችን አይበቃትም?"

ኤልመር ቅርጫቱን እንደያዘ ደረጃው መሐል ቆሟል።

"ማንን ነው የሚሰድበው?" አለ።

"ኦገስታን" አለች ቬርና ሳቋን አፍና።

"ምን አደረገችው?"

"ምን ያላደረገችኝ አለ!" አለ ሃርላን። ከዚያ ሰዎቹ ሁሉ ዓይናቸውን ፒሮጊው ላይ ጥለው ከንፈራቸውን ሲነክሱ አየ። ጉሮሮውን ጠራረገ። ይቅርታውን ዱዌይን በድርጅቱ ስም አቀረበ፣ ኦገስታ ወደ በረንዳዋ ተመለሰች፣ ከሰሉም ወረደ።

ማምሻውን ሃርላን ሞተሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ኮፍያውን ደፋ። ቬርና ደረጃው ግርጌ ቆማ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች።

"ይህ ነገር በዚህ አያበቃም" አላት። "ተራሽ ሲመለስ ጠበቃ ይዤ ነው የምመጣው።"

"ያው ቅዳሜ ነው?"

"ቅዳሜ ነው። ለዚያ ዳኛ ለሚሉት የአክስቷ ልጅም ንገሪው።"

አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አሳርፎ ሳለ፣ ከተሣለው ሰማይ ጀርባ ማሞቂያው ተነሣና ጉርርርር አለ። ሃርላን ዞሮ ደመናውን አየ፤ ከዚያ ከሩዝ ወደተሠሩት ዶሮዎች ጎንበስ አለ።

"ሊዘንብ ነው" አለ። "ያቺ ሴትዮ ዶሮዎቿን ብታስገባ ይሻላታል።"